እስከ ሆስፒታሉ በር

ሰኞ 2

ዛሬ ሲስተር እሺ አለችኝ። ይሄኛውን ልጄን እዚሁ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ፣ መስኮቴን ከፍቼ እወልዳለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ከተጻፈ ወዲያ ማፈግፈግ የለም።

ሲስተር የምላት አዋላጅ ነርሷን ነው። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፣ በቁመትም ትከሻዬ ላይ ነው የምትቀረው፤ ቤት ስትገባ ግን አከራያችን የመጣች ነው የሚመስለው። የደም ግፊቴን ለክታ ቁጥሩን እንደ ልማዷ ጮክ ብላ አነበበች፣ ሆዴን ዳሰሰች፣ «ደህና ነው፣ ቦታውን ይዟል» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁለት ነገር ቃል አስገባችኝ። አንደኛው፣ የሚሰማኝን ሕመም ሁሉ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ሳልል ልነግራት። ሁለተኛው፣ «ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ» ባለችኝ ሰዓት አንድ ቃል ሳልመልስ ልነሳ።

«አንድ ቃል ሳትመልስ?» አለ ባሌ። «ሲስተር፣ ከምጡ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስጨንቃት።»

ባሌን ሰፈሩ ፍራሹ ይለዋል። እሱ፣ የፍራሽ ሱቅ መኪና ስለምነዳ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ጎኑ መሬት በነካ ቁጥር ስለሚያንኮራፋ ነው እላለሁ።

ሁላችንም ስንስቅ አማቴ ብቻ አልሳቁም። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። «ሲስተር፣ ሆስፒታሉ ለመድረስ ምን ያህል ይፈጃል?» ብለው ጠየቁ።

«መንገዱ ክፍት ከሆነ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።»

«ካልሆነስ?»

ሲስተር ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። «ካልሆነ ምን እንደምናደርግ እንለማመዳለን» አለች።

ልምምድ የምትለው ነገር አላት። ቤቷ ልትወልድ ያሰበች ሴት ጋ በፈለገችው ቀን ሳትናገር ትሄድና «ደም እየፈሰሳት ነው፣ ሂዱ!» ትላለች። ቤተሰቡ ነፍሰ ጡሯን ይዞ እስከ ሆስፒታሉ በር ይሄዳል፣ በሩን ይነካል፣ ይመለሳል። በሩን ያልነካ ቤተሰብ ጋ ሄጄ አላዋልድም ነው የምትለው። እብድ ናት የሚሏት አሉ። እኔ ወድጃታለሁ።

የመጀመሪያዋን ልጄን ሆስፒታል ነው የወለድኳት። ስለሱ ዛሬ አልጽፍም። ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ 4

ቀኑን ሙሉ ሌንስ ስሞርድ ዋልኩ። መነጽር ቤታችን ጠባብ ናት፤ ከፊት መስታወትና ፍሬም፣ ከኋላ እኔና ማሽኔ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰው ዓይኑን አጨንቁሮ ይገባል፣ ማዶ ያለውን ሱቅ ስም እያነበበ ይወጣል። ዛሬ አንዲት ሴትዮ አዲሱን መነጽሯን እንዳደረገች ወደ ባሏ ዞር አለችና «አንተ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?» አለችው። አለቃዬ ከሳቃቸው ብዛት ወንበር ፈልገው ቁጭ አሉ። ሰውዬው ግን «መነጽሩን መልሺላቸው» አላት።

ሰፈራችን ግን ተቆፍሯል። የውሃ ቧንቧ ሊቀይሩ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ከፍተውታል፤ በዚህ ዝናብ ደግሞ ጭቃ በጭቃ ነው። መኪና ስለማይገባ ባሌ ዋናው መንገድ ዳር አቁሞ በእግሩ ነው የሚመጣው። በየደጃፉ ጣውላ ተጋድሟል። ይሄን ሆድ ይዤ ጣውላው ላይ ስወጣ ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን አቁመው ያዩኛል። አንዱ «እናቴ፣ ቀስ! ትርፍ ጭነሻል» አለኝ።

ቅዳሜ 7

ልምምድ! የመጀመሪያው። አሁንም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ከምሳ በኋላ ነው። እኔ ልብስ አጣጥፋለሁ፣ ባሌ ወንበር ላይ ያንቀላፋል። ሲስተር በሩን ብርግድ አድርጋ «ደም እየፈሰሳት ነው!» አለች። ባሌ ባንኖ ተነሳ። የተዘጋጀውን ቦርሳ ያዘ። ልጃችንን አቀፈ። (ዳኛዋ እንላታለን፤ አራት ዓመቷ ነው፣ እሷ ያልፈረደችው ነገር በዚህ ቤት አይፈጸምም።) እናቱን ክንዳቸውን ይዞ በጣውላው አሻገራቸው። በዝናብ ሮጦ መኪናው ጋ ደረሰ፣ ሁሉንም ጫነ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ።

እኔ ቤት ነኝ። ጫማዬ አልገባ ብሎኝ እየታገልኩ ነበር። ሲስተር አጠገቤ ተቀምጣለች። ልጠራው አፌን ስከፍት «ተዪው» አለችኝ፣ «የት ድረስ እንደሚሄድ እንየው።»

ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄዷል! ዘበኛው «ወላዷስ?» ሲለው ዞሮ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ። የተደረደረ ፍራሽ፣ አንድ ልጅ፣ አንዲት እናት። ዳኛዋ እንደነገረችኝ «አባዬ፣ እማዬን እኮ ረሳሃት» ያለችው ገና ከሰፈር ሳይወጡ ነው፤ እሱ ግን «ቆይ፣ እየቸኮልን ነው» አላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የእኔው ጀግና የሚያፈሰውንም ሳይዝ ነው የበረረው።

ሲመለስ በላብ ተጠምቋል፤ እኔን ሲያይ የሚገባበት ጠፋው። እስከ መኪናው ወርጄ እየሳቅሁ ተቀበልኳቸው። አማቴ ግን ቦርሳውን እንዳቀፉ ከመኪናው አልወርድም አሉ። «እሷ ሳትደርስ ምኑን ደረስነው? ነይ ግቢና እንደገና እንሂድ» አሉኝ፣ በሁለት እጃቸው ቦርሳውን አጥብቀው ይዘው።

«እማማ፣ ልምምድ እኮ ነው፤ እንደ ጨዋታ ይቁጠሩት» አልኳቸው።

በስንት ልመና ወረዱ።

እሁድ 8

ሰፈሩ ሰምቷል። ቆፋሪዎቹ ባሌን «ሚስትህን ይዘሃል?» ሳይሉ አያሳልፉትም። ዛሬ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሳይጠይቁት በፊት «ቤት ናት፣ አይቻታለሁ» አላቸው።

ሐሙስ 12

ጫማ ትቻለሁ። የባሌን ነጠላ ጫማ ነው የማደርገው፤ ሰፊ ነው፣ ይመቻል። ቀለበቴን በሳሙና አወጣሁት፤ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከሚውል ሰው ምን ይጠበቃል? ለመጀመሪያዋም እግሬ አብጦ ነበር። ይመስለኛል።

ልጁ ሲራገጥ ዳኛዋ ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጥፋ አዳመጠችና «ይውጣ» ብላ ፈረደች። ይግባኝ አልኩ። አልተፈቀደልኝም።

ሰኞ 16

የሲስተር ቀን። ግፊቴ ከባለፈው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ከመስመር ግን አልወጣም አለች። ሽንቴን መረመረች፤ ንጹሕ ነው።

«ራስ ምታት?» የለም አልኳት። የትናንቱ እኮ ዛሬ የለም።

«ዓይንሽ ብዥ ይላል?» ምን በወጣኝ።

«እግርሽስ?» ከመቆም ነው።

«እረፊ። የሆነ ነገር ከተሰማሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ደውዪ» አለች። ስልክ ቁጥሯን ለአማቴም ሰጠቻቸው። አማቴ ቁጥሩን ቁም ሣጥኑ በር ላይ በትልልቁ ለጠፉት፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ እንዲያየው።

ከዚያ ሻይዋን ጨርሳ ስትነሳ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ደም እየፈሰሳት ነው» አለች። ሁለተኛው ልምምድ! በዚህ ጊዜ ባሌ ከሁሉ በፊት የያዘው እኔን ነው፣ እንደሚሰበር ዕቃ። ከኋላ ፍራሾቹ ላይ ተጋደምኩ። ላስቲካቸው ገና ስላልተነሳ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ከግድግዳ ግድግዳ እየተንሸራተትኩ እስቅ ነበር፤ አማቴ በአንድ እጃቸው እኔን በሌላው ቦርሳውን ይዘው አልሳቁም። የገበያው መንገድ ተዘግቷል፤ ባሌ በጋራዦቹ በኩል ዞሮ አወጣን። «ይሄን ደግሞ ዛሬ አወቅነው» አለች ሲስተር ደስ ብሏት።

ደረስን። ሲስተር እጄን ይዛ በሩን አስነካችኝ። ዘበኛው «ዛሬስ ወላዷም መጥታለች» አለና ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ቶሎ እንመለስ አልኩ።

«ለምን ትንቀጠቀጫለሽ?» አለችኝ ሲስተር።

በርዶኝ ነው። ዝናብ ነበር።

ዓርብ 20

ራስ ምታት። ማሽኑ ነው፤ ድምፁ ጭንቅላት ይበሳል። አለቃዬ ለጆሮዬ ጥጥ ሰጡኝና «ልጄ፣ ቤትሽ ሄደሽ ተኚ» አሉኝ። ቤት ብሄድ ማን ይሞርደዋል? ነገ ይተወኛል።

እሁድ 22

አልተወኝም፤ ለምጄዋለሁ እንጂ።

ቢሆንም ጥሩ ቀን ነበር። ባሌ ወደ ፋብሪካው የሚመለስ አንድ ትልቅ ፍራሽ ለአንድ ቀን አምጥቶ ሳሎን ዘረጋው። ሦስታችንም ላዩ ላይ ተጋደምን፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ዳኛዋ በመካከላችን የማያልቅ ተረት ታወራለች። ባሌ ተረቱ ሳይጀመር ነው የተኛው። እሱን እያየሁ፣ እንዲህ ያለ ቤት እያለ ሰው ለምን ሌላ ቦታ ሄዶ ይወልዳል አልኩ። የምጓጓለት ሀብት የለኝም፤ ይሄው ይበቃኛል።

ሲስተር ደውላ «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። «እንደ ንግሥት» አልኳት። ለምን አስጨንቃታለሁ? ደግሞም ብነግራት የት እንደምትወስደኝ አውቃለሁ።

ማክሰኞ 24

አሁን ገባኝ፤ ራስ ምታቱ ከዓይኔ ነው። ጠዋት ስሞርድ በጎን በኩል ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አየሁ። የማሽኑ ብልጭታ መስሎኝ አጠፋሁት። ጠፍቶም ብልጭ ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህች ደብዛዛ አምፖል ሥር ስሠራ ዓይን ምን ይሁን?

በምሳ ሰዓት አለቃዬ ሲወጡ ራሴን መረመርኩ። ሰሌዳው ላይ ታችኛዎቹ ፊደላት ይዋኛሉ። ሌንስ እየቀያየርኩ የሚስማማኝን አገኘሁ። ለማረጋገጥ ከሰዓት በኋላ ደገምኩት፤ ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። ደግሞ ሞከርኩ፤ ሌላ። የሌንሶቹ ሣጥን ሳይደበላለቅ አልቀረም። መካከለኛውን ያዝኩና ሞርጄ ክብ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገባሁት።

ለስንቱ ሰው ዓይን ስሠራ ኖሬ ለራሴ ስሠራ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ያምርብኛል። ለሲስተር በሚቀጥለው ሰኞ ስትመጣ አሳያታለሁ። መነጽር በሽታ አይደለም፤ ቃሌን አላጠፍኩም።

ሐሙስ 26

ባሌ «አስተማሪ መሰልሽ፣ ፈራሁሽ» አለኝ። ዳኛዋ መነጽሩን ተቀበለችኝና አድርጋው «ቤቱ ታሟል» ብላ መለሰችልኝ።

አማቴ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ብዙ አዩኝ። «ይሄ ፊት የማን ነው?» አሉ። የእኔ ነዋ፣ ምግብዎ ነው እንዲህ ያደረገኝ አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ዛሬ ከጎድን አጥንቴ ሥር ወጋ ወጋ ያደርገኛል፤ በልቼ ነው። ወይም ልጁ በእግሩ እየገፋኝ ነው። ሾርባውን እያማሰሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ።

ኋላ ውሃ ልጠጣ ስገባ በስልክ እያወሩ ደረስኩ። «...አዎ፣ መነጽር... አዎ፣ ፊቷም፣ እጇም...» ሲያዩኝ ዘጉት። ማን ነው? አልኳቸው።

«ዘመድ ነው።»

የእኛ ዘመድ መነጽር አያደርግም።

ዓርብ 27፣ ጠዋት

ሲስተር መጣች። ቀኗ አይደለም።

ግፊቴን ለካች።

ልምምድ ነው አለች። ባሌም ቤት ነው፣ ሥራ አልሄደም። ነጠላ ጫማዬን እያመጡልኝ ነው። ደብተሩን ይዤው ልሂድ፣ ቦርሳው ውስጥ ቦታ አለ። ልምምድ ነው።

እሁድ 29

ወንድ። ትንሽዬ ነው፣ ድምፁ ግን የጎልማሳ ነው። ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። ክንዴ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል፣ በሌላኛው እጄ ነው ደብተሩን የያዝኩት፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አይገርምም።

ዓርብን ልጻፈው።

ሲስተር ስትለካኝ ቁጥሩን አየችው፤ አላነበበችውም። እስከዚያ ቀን ሳታነብልኝ ቀርታ አታውቅም። መለኪያዋን ቀስ ብላ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ መነጽሬን አየች፣ ፈገግ አለች። «ያምርብሻል። ዛሬ ልምምድ ነው፣ ተነሺ» አለች። ደም እየፈሰሳት ነው አላለችም።

ወጣሁ። ደጃፋችን ላይ ጣውላው ሁለት ሆኗል፣ ጎን ለጎን። ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ ግራና ቀኝ ቆመው ጣውላውን ከሥር በእጃቸው ደግፈውታል። አንድም የቀለደ የለም። መኪናው ውስጥ ፍራሹ ላስቲኩ ተነስቶ አንሶላ ተነጥፎበታል። ባሌ በዚያ በሚበርበት መንገድ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳ፤ በጋራዦቹ በኩል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? አውቄያለሁ። ከደጃፉ ሳልርቅ አውቄያለሁ። ግን ልምምድ ከሆነ በሩን ነክቼ እመለሳለሁ፤ እንደዚያ እያልኩ ነው አንዱን እግሬን ከሌላው ያስቀደምኩት። ሲስተርም ይሄን አውቃ ነው ያለችኝ። ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን እያታለልን ደረስን።

በሩን ነካሁ። «ነካሁ፣ በቃ፣ እንመለስ» አልኩ።

ሲስተር ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። «እስከዚህ ድረስ ዋሽቼሻለሁ። ከዚህ ወዲያ አልዋሽሽም» አለችና ቁጥሩን ነገረችኝ። እንደዚያ ያለ ቁጥር ለእኔ አንብባልኝ አታውቅም። «ዓይንሽ አይደለም የታመመው። ግፊትሽ ነው። ለአንቺም ለልጁም መድኃኒቱ ያለው ከዚህ በር ወዲያ ነው። ቤት አላዋልድሽም።»

አንድ ቃል ሳልመልስ ልነሳ ነበር ቃሌ። አንድ ቃል መለስኩ። «አንቺስ?» አልኳት።

«ከአጠገብሽ ንቅንቅ አልልም።»

አሁን ልጻፈው። ዳኛዋን ስወልድ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፤ አልጋ አልነበረም። ባሌን ከበሩ ውጪ አስቀሩት። ምጡ ሲበረታ ጮህኩ፤ አንዲት ነርስ እያለፈች «ዝም በይ! አንቺ ብቻ ነሽ የምትወልጂው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ልጄ እስክትወጣ ድረስ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ፤ የሚያየኝ ሰው ጎበዝ ናት ብሎ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባሌም ጭምር። የመስኮቴን ንፋስ እወዳለሁ፣ አልጋዬን እወዳለሁ ብዬ ለሁሉም ነገርኩ። እሱም ውሸት አይደለም፣ እወዳለሁ። ግን ፈርቼ ነበር። እዚያ ኮሪደር ከምመለስ ብሞት ይሻለኛል ያልኩ ይመስለኛል፤ እንዲህ በግልጽ ሳልለው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ሌንስ ደግሞ ለልብ አይሠራም።

ሲስተር አስቀድማ ደውላ ነበር፤ ስንገባ ይጠብቁናል። ይሄኛውም ጊዜ ኮሪደሩ ሞልቷል፣ ግን አላቆሙኝም። መርፌው ሲገባ ሰውነቴ ከውስጥ ነደደ፣ ምላሴ ከበደኝ። «እንዳያንቀጠቅጥሽ ነው» አለችኝ ሐኪሟ፤ ዓይኗ የደከመ፣ ድምፅዋ የለሰለሰ ሴት። ስለ ዓይኔ ስትጠይቀኝ መነጽሩን አሳየኋት።

«ማን አዘዘልሽ?»

«ራሴ።»

«ማን ሠራልሽ?»

«ራሴ።»

መነጽሩን አገላብጣ አየችው። «ሥራሽ ንጹሕ ነው» አለች። «ሌላ ጊዜ ግን መጀመሪያ እኛ ጋ ነይ።» ከዚያ ቤት ሆኜ ቢያንቀጠቅጠኝ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ነገረችኝ። ሳትቆጣ ነው የነገረችኝ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቃሌን አጥፌያለሁ። «እንደ ንግሥት» ያልኩት ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴን በአንሶላ እሸፍናለሁ።

ምጥ የሚያስጀምረውን መድኃኒት ሰጡኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ምጡ ሲበረታ ከንፈሬን ነከስኩ። ሲስተር ጎንበስ ብላ «ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ያንን ኮሪደር፣ በሁለት ምጥ መካከል፣ በተቆራረጠ ቃል። የክፍሏ ነርስም እግሬ ጋ ቆማ ሰማች። ተያዩ። ነርሷ «እዚህ ክፍል ውስጥ አንቺ ብቻ ነሽ የምትወልጂው» አለችኝ፤ «እንደፈለግሽ ጩሂ።»

ጮህኩ። ለዚህኛውም ለዚያኛውም ጮህኩ። ባሌ ከበሩ ውጪ ድምፄን ሰምቶ ከዘበኛው ጋር መተናነቅ ጀምሮ ነበር አሉ፤ ዘበኛው «ይሄማ ሚስቱን ረስቶ የመጣው ሰውዬ ነው፣ አስገቡት፣ ደግሞ እዚህ እንዳይረሳት» ብሎ አሳለፈው። ሲገባ ልጁ ወጥቷል። ልጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና አለቀሰ። ከዚያ፣ እውነቴን ነው፣ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

ሐሙስ 3

ቤት ገባን። በጣውላው ስሻገር ቆፋሪዎቹ አጨበጨቡ። ትርፍ ጭነሻል ያለኝ ሰውዬ «አራገፍሽ!» አለ። «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» የሚለኝ ሰው ቤቱን ሞልቶታል።

ዳኛዋ ወንድሟን ለረጅም ጊዜ መረመረችውና «ይቆይ» ብላ ፈረደች።

ግፊቴ ገና ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፤ ኪኒን እውጣለሁ፣ ሲስተር በየቀኑ ትመጣለች። ዛሬ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ከዚያ ሁሉም ሲወጡ «አሁን ልናደድብሽ ነው» አለችኝ። ተናደደችብኝ። ስንት ጊዜ እንደጠየቀችኝ፣ ስንት ጊዜ የለም እንዳልኳት። ተቀምጬ ሰማኋት፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ስለ ልምምዱ ውሸት ይቅርታ ጠየቀችኝ። ተቃቅፈን ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ ሻይ አምጪልኝ አለችኝ፤ ከዚያ አይ ተኚ፣ እኔ አመጣለሁ አለች።

«ዓርብ ዕለት ማን ጠራሽ?» አልኳት።

ወደ ጓዳው አየች። አማቴ እዚያ ሆነው የሕፃኑን ልብስ ያጣጥፋሉ፤ አንዱን ጨርቅ አጣጥፈው ይፈቱታል፣ ደግሞ ያጣጥፉታል።

ሄጄ እጃቸውን ሳምኩ። «ልብሱ ይቆሽሻል» አሉኝ።

ቅዳሜ 12

ኪኒኑ ሊቆም ነው። ጣቴ ቀለበቴን ተቀብሏል። ሕፃኑ ይጠባል፣ ይተኛል፣ በእንቅልፉ እንኳ ፍራሹን ይመስላል። ዝናቡ ጋብ ሲል መስኮቱን እከፍትና ሁለታችን ንፋስ እንቀበላለን። ሰላም ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል፣ ደስታ ሲሆን ጽሑፍ ያጥራል።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር መጣች። ከታች፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር አለች፤ ሆስፒታል አልሄድም፣ ቤቴ ነው የምወልደው ብላለች። «ልቀበላት ነው። ግን መኪና የላቸውም፤ ዛሬ ላለማምዳቸው ብዬ ነበር» አለችና ባሌን አየችው።

«እኔ አለሁ» አለ ባሌ፣ ቁልፉን አንስቶ። «ግን ነፍሰ ጡሯን እንዳልረሳት ማን ያስታውሰኛል?»

ስንስቅ አማቴ ብድግ አሉ። ጫማቸውን ከአልጋው ሥር አውጥተው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። «እኔ እሄዳለሁ» አሉ።

«እማማ፣ ያካፋል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። እርስዎ ይረፉ፣ ልምምድ እኮ ነው» አልኳቸው።

እግራቸውን ጫማው ውስጥ እየከተቱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «በእኔ ጊዜ ልምምድ ቢኖር ኖሮ ባልሽ ታላቅ ወንድም ይኖረው ነበር» አሉ።

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የበኩር ልጅ ነህ ሲባል የኖረ ሰው ነው። ቁልፉ እጁ ላይ ቀረ። «እማዬ...» አለ።

«ያኔም መኪናው መጥቷል» አሉ አማቴ። «በማግስቱ ነው እንጂ።» ቀና አሉና አዩት። «ምን ትቆማለህ? አስነሳ እንጂ፣ ሴትየዋን አታስጠብቃት።»

ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛሁና ጎንበስ ብዬ የጫማቸውን ክር አሰርኩላቸው።